ያልተቀበልኩት አካፋ

ሰሞኑን ለትምህርት ወደ ሕንድ የሚሄድ ልጅ «ጋሼ፣ ምን ይዤ ልሂድ?» ብሎ ጠየቀኝ። የበርበሬውንና የሽሮውን እናቱ ታውቃለች። እኔ ትዝ ያለኝ አካፋ ነው።

ዴልሂ ስማር አንድ የሚዞ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ። ለገና በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ወዳለው የሚዞዎች ግዛት ወደ ሚዞራም፣ ዋና ከተማው አይዛውል ወደሚገኘው ቤታቸው ወሰደኝ። እናቱ ሩዝ ከመጣዳቸው በፊት አንድ እፍኝ ዘግነው ለብቻው ጣሳ ውስጥ ጨመሩ። ማታም እንደዚያው። «ቡህፋይ ታም» ይሉታል። የተጠራቀመው ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፤ ተሽጦ ለወንጌል ሥራ ይውላል። ድሃውም ሀብታሙም ያው አንድ እፍኝ ነው።

በሦስተኛው ሌሊት አንድ ጎረቤት አረፉ። ሰፈርተኛው ለቅሶ ቤት ገብቶ ከበሮ እየመታ ሲዘምር አደረ። ሲነጋ የወጣት ሚዞ ማኅበር ልጆች መቃብር ሊቆፍሩ ወጡ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተ ነው፤ ለቁፋሮ ማንም አይከፍላቸውም። ጓደኛዬ አንድ አካፋ ዘረጋልኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እነሱ ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች። «እኔ እንግዳ ነኝ፣ ሃይማኖቴም ሌላ ነው» አልኩና እጄን ኪሴ ከተትኩ። ምንም አላለኝም። አካፋውን ለሌላ ልጅ ሰጠው።

በኋላ መሐንዲስ ሆኜ ስንት አፈር አስቆፈርኩ። አባቴ ሲያርፉ ግን መቃብራቸውን የቆፈሩት የእድር ሰዎች ናቸው። አንዱ ሙስሊም ጎረቤታችን ነበር። ያኔ አፈርኩ።

ሚዞዎችን ያስተሳሰረው ሃይማኖት ነው ይባላል። ሚስዮናውያኑ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከዚያ በፊትም «ትላውምንጋይህና» ነበራቸው፤ ሳይጠየቁ ለሰው መድረስ ማለት ነው። ስለዚህ ሃይማኖቱ ብቻ አይመስለኝም። ግን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 በሚዞ አማፅያንና በሕንድ መንግሥት መካከል የተነሣው ጦርነት በ1986ቱ ስምምነት እስኪያበቃ ድረስ ለሽምግልና የደከሙት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ያለ እነሱ ሰላሙ ይመጣ ነበር ለማለት አልደፍርም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1997 ብሩ የሚባለው አናሳ ሕዝብ ብዙ ሺህ ተወላጆች ከዚያው ምድር ወደ ጎረቤት ግዛት ወደ ትሪፑራ ተሰደዋል። ያ ሁሉ መደጋገፍ ለእነሱ አልደረሰም። ይኼ ያሳዝነኛል።

የዛሬ ልጆች ለለቅሶ ብር በቴሌብር ትልካላችሁ። መላኩ መልካም ነው። ለቅሶ ቤት ሄዶ መቀመጡን ግን እየረሳችሁት ነው፤ እሱ ያስከፋኛል።

ጓደኛዬን ይቅርታ ሳልጠይቀው ተለያየን። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ጻፍኩለት። ያ ልጅ ዴልሂ ሲደርስ የሚዞ ተማሪዎችን ፈልጎ አድራሻውን እንዲያጠያይቅልኝ ለምኜዋለሁ።