ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት አጥሩን ጠይቁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ደቡብ ጎንደር ተወልደን አሁን ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ልጆች ነን፣ ያደግንበት ቤተክርስቲያን ደን እየሳሳ ነው ሲሉን ብር አዋጥተን ችግኝ ልናስተክል አሰብን፣ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እግዜር ይስጣችሁ፣ ሀሳባችሁ ደስ ይላል። ግን ችግኙ ይቆይና መጀመሪያ ደኑ አጥር አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እዛው ደቡብ ጎንደር የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ሜግ ሎውማንና ከምትመራው ትሪ ፋውንዴሽን ከሚባለው ድርጅት ጋር ሆነው የሰሩት እኮ ይሄንኑ ነው፣ ከካህናቱና ከገበሬው ጋር ተማክረው ደኑን በድንጋይ ካብ ማጠር። ድንጋዩ ከየት መጣ ካላችሁ ከገበሬው ማሳ ተለቅሞ ነው፣ ማሳው ለእርሻ ይጸዳል ደኑም ይታጠራል፣ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው፣ ማንም አይከስርም። ካብ ከሌለ ከብቱ ይገባና ወይራው ስር ገና ብቅ ያለችውን ባለ ሁለት ቅጠል ቡቃያ ይግጣታል፣ ያልጋጣትን ይረግጣታል፣ ማረሻውም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይገፋል፣ ትልልቆቹ ሲያረጁ ተተኪ የለም ማለት ነው። ከብት ካልገባ ግን ከዛፎቹ የሚረግፈው ዘር ራሱ ይበቅላል።

መትከል ካለባችሁም ባህር ዛፍ እንዳይሆን አደራ! ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ይሁን። ብሩን ከመላካችሁ በፊት ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው ደውሉላቸው፣ ከብቱ በየት በኩል እንደሚገባ እነሱ ያውቁታል።