አያቴን በሁለት መስመር ሸኘናቸው

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙልን? አያቴ ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። አምና አረፉ። በቀብራቸው ዕለት በተነበበው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ስለ ኮሪያ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ስለ ቀሪው ዕድሜያቸው ደግሞ «ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ» ይልና ያበቃል። አሁን ሙት ዓመታቸው ደርሷል። ቤተሰቡ ትንሽ የመታሰቢያ መጽሔት አሳትመን ለዘመድና ለጎረቤት እናድል ብሎ ጽሑፉን ለእኔ ሰጠኝ። በእጄ ያለው አንድ ሜዳሊያና በወታደር ልብስ የተነሡት አንድ ፎቶ ነው። ስለ ጦርነቱ ስንጠይቃቸው መልሳቸው «ተዉት እስቲ» ነበር። እኔ የማውቃቸው በቤታቸውና በዕድራቸው ነው። ከየት ልጀምር?
የልጅ ልጃቸው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጄ፣ ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። አባቴን አስታወስሽኝ። እሳቸውም የቃኘው ዘማች ነበሩ፤ እሳቸውም «ተዉት እስቲ» ባይ ነበሩ።

በእኔ እምነት ከዕድሩ ጀምሪ። አያትሽ ኮሪያ የቆዩት ቢበዛ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ለጎረቤት የኖሩት ግን ዕድሜ ልካቸውን ነው። ያንን ደግሞ የሚመሰክር ሰው ዛሬም ሰፈራችሁ ውስጥ አለ።

አባቴ የዕድር ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ካረፉ በኋላ መዝገቡን ለዕድሩ ለማስረከብ ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ያየሁትን ልንገርሽ። ከአንዳንድ ስሞች ጎን፣ ወር በወር፣ በእሳቸው የእጅ ጽሑፍ «ተከፍሏል» ይላል። የገንዘብ መቀበያው ቁራጭ ግን የለም። ስሞቹን አውቃቸዋለሁ። አንዷ ባሏ የሞተባት እንጀራ ሻጭ ናት። አንዱ ከሥራ የተባረረ ሾፌር ነው። እናቴን ብጠይቃት «ጡረታው ለምን እንደሚጎድል ድሮም አውቅ ነበር፤ አላነሳሁበትም» አለችኝ። መዋጮ ያልከፈለ ሰው ከዕድር ይሰረዛል፣ የተሰረዘ ሰው ሲሞት ድንኳን አይተከልለትም። አባቴ ያንን ማየት አይችሉም ነበር። ኮሪያ ላይ ምን እንዳደረጉ ከነገሩኝ ይልቅ ስለ አባቴ ብዙ ያሳወቀኝ ያ መዝገብ ነው።

ስለዚህ ወደ ዕድራችሁ ሂጂ። አሮጌውን መዝገብ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ጎረቤቶችን ስታነጋግሪ «አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አትበያቸው። «ደግ ሰው ነበሩ» ይሉሻል፤ በቃ። ይልቅ «እናትዎ የሞቱ ጊዜ መጀመሪያ የደረሰው ማን ነበር? ድንኳኑን ማን ተከለ? ማን አብሮ አደረ?» ብለሽ ጠይቂ። ያኔ ወሬው ራሱ ይመጣል። ጥሩምባ ነፊውን እንዳትረሺ፤ ሌሊት የማንን በር መጀመሪያ እንደሚያንኳኳ እሱ ያውቃል። ቤት ውስጥም እንዲሁ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ማን ያደርስ ነበር? ደብተር በምን ተገዛ? የታመመ ሲኖር ማን አስታመመ? ሴት አያትሽ በሕይወት ካሉ ከሁሉም በፊት እሳቸው ዘንድ ተቀመጪ።

ወደ ኮሪያው እንምጣ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። ሜዳሊያውን አውጪና ሪባኑን እዪው። ሰማያዊና ነጭ ሸንተረር ካለው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው። ገልብጪው፤ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ጽሑፉ በአማርኛ ነው። በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሺና በመጽሔቱ ላይ ጎን ለጎን አውጪው።

ቀጥሎ ከየትኛው ቃኘው ጋር እንደዘመቱ አጣሪ። የመጀመሪያው ቃኘው ከአዲስ አበባ የተነሣው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ገደማ በመርከብ ተጉዞ ፑሳን ገባ። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈው ተዋጉ። በየዓመቱ አንዱ ሻለቃ ሌላውን ይተካ ነበር። ተኩሱ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላም ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ሄደዋል። በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ዘመቱ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከም። ይህንን የመጨረሻውን ነገር የአባቴ ጓደኞች ቡና ላይ ሲያነሡት ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

አያትሽ የሄዱት ተኩስ ከቆመ በኋላ ከሆነ እንደዚያው ጻፊው። ያልነበሩበትን ኮረብታ አትስጫቸው። ጓደኞቻቸው የሞቱበትን ቦታ ለሌላ ሰው ማደል ይሆናል፤ አያትሽም ቢሰሙ ደስ አይላቸውም።

አንድ ነገር ግን ጨምሪ። ወታደሮቻችን ዶንግዱቸን በተባለችው ከተማ ቦህዋ የሚባል የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ልጆችን ሰብስበው፣ ከደመወዛቸው እያዋጡ አሳደጉ። ይህን ሳውቅ የአባቴ የዕድር መዝገብ ትዝ አለኝ። ሰው አገር ሄደውም ያንኑ አዋጥቶ ሰው የማንሣት ልማዳቸውን ይዘው ነበር። አያትሽ እዚያ ማሳደጊያ ውስጥ እጃቸው እንደነበረበት ሳታረጋግጪ «አቋቋሙ» አትበዪ። የጓዶቻቸው ሥራ ነው ብሎ መጻፍ በቂ ነው።

ስለ ጦርነቱ ለምን ዝም እንዳሉ ደግሞ ልንገርሽ። ያዩትን ሞት ማንሳት የከበዳቸው ብዙ ናቸው። ግን ዘመኑም ዝም አሰኝቷቸዋል። አብዛኞቹ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር የነበረው የክቡር ዘበኛ ሰዎች ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲደረግ ክቡር ዘበኛ ዋናው ተዋናይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥርጣሬ ዓይን ታየ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ። ከደቡብ ኮሪያ ጎን ቆሜ ተዋግቻለሁ ማለት ለእንጀራም ለነፍስም አያዋጣም ነበር። እናቴ የአባቴን ሜዳሊያ በጨርቅ ጠቅልላ ከጤፍ በርሜሉ ውስጥ ደብቃው ኖራለች። ይህን በመጽሔቱ ላይ በግልጽ አስፍሪው። ልጆቻችሁ ቅድመ አያታቸው የሚናገሩት ስላልነበራቸው ዝም ያሉ እንዳይመስላቸው።

አዲስ አበባ አፍንጮ በር ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሂጂ። የወደቁት ስም እዚያ ተጽፏል። ፎቶውን ይዘሽ ሂጂ፤ የዘማቾች ማኅበርንም ጠይቂ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም ዘጠናውን አልፈዋል። ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበዪ። ያገኘሻቸው አባት ከደከሙ አታስጨንቂያቸው፤ ፎቶውን ብቻ አሳዪያቸውና ዝም በዪ። አብረው የቆሙትን ሰዎች በስም ሊጠሩልሽ ይችላሉ። ከቤተሰቡ ስልክ መቀበልሽንም አትርሺ።

ርዝመቱ አያስጨንቅሽ። ስምንት ገጽ ይበቃል፤ ኮሪያ ሁለት ገጽ፣ የቀረው ለቤትና ለሰፈር ይሁን። ማዕረግና ምስጋና አትደርድሪ፤ ያደረጉትን ጻፊ። የሴት አያትሽንም ስም በሙሉ አስገቢ። ሰውየው በሌሊት ለሰው ለቅሶ ሲወጡ ቤቱን ይዘው የቀሩት እሳቸው ናቸው።

ማተሚያ ቤት ከመውሰድሽ በፊት ረቂቁን ለዕድሩ ሰብሳቢ አሳዪ። የስሞቹን አጻጻፍ ያርሙልሽ፤ በስም የተሳሳተ መጽሔት ቅሬታ ያመጣል። እነዚያ መዋጮ ሳይከፍሉ «ተከፍሏል» የተባለላቸው ሰዎች በእናንተም መዝገብ ከተገኙ ስማቸውን አታውጪ፤ ነገሩን ብቻ ንገሪን። ታትሞ ሲወጣ አንድ ቅጂ ከመዝገቡ ጋር እንዲቀመጥ ለዕድሩ ስጪ። ለእኔም አንድ ላኪልኝ።