እራት ሳልበላ አድሬ ጠዋት ስኳሬ ለምን ይጨምራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ዕድሜዬ 56 ነው። ስኳር አለብኝ፤ ሜትፎርሚን በቀን ሁለት ጊዜ እወስዳለሁ። ማታ ስለካ 140 የነበረው ጠዋት በባዶ ሆዴ 175 ይሆናል። እራት ትቼ ባድርም ያው ነው። ሳልበላ ከየት ይመጣል? ባለቤቴም የማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ የእሷም ጠዋት ጠዋት ከፍ ይላል። ትንሽ ብንጨምርላትስ?

መልስ፦ ከባለቤትዎ ልጀምር። በራሳችሁ አትጨምሩ። ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

የእርስዎ የጠዋት ስኳር የሚመጣው ከጉበትዎ ነው። ጉበት ስኳር ያከማቻል፤ ራሱም ይሠራል። ተኝተንም አንጎላችን ስኳር ስለሚፈልግ ሌሊቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ወደ ደም ይለቃል። ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖች ይጨምራሉ፤ ጉበትም አብዝቶ ይለቃል። ስኳር የሌለበት ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን ጨምሮ ያስተካክለዋል። የእርስዎ ኢንሱሊን ግን ወይ አንሷል፣ ወይ በደንብ አይሠራም። ሜትፎርሚን ዋና ሥራው ይህንኑ የጉበት ልቀት መቀነስ ነው። እንግዲህ እራት መተው ጉበቱን አያስቆመውም። በከንቱ ተርበው ነው ያደሩት።

ይልቅ እራቱን ቀደም ያድርጉት፣ መጠኑንም ይቀንሱ። የጤፍ እንጀራ ስኳር አይጨምርም የሚሉ ሞልተዋል፤ ይጨምራል። አንድ እንጀራ ከበቃዎት ሁለተኛውን ይተዉና ጎመኑን ያብዙ። ከእራት በኋላ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ማለትም ይረዳል።

ለብዙ አዋቂዎች የጠዋቱ ግብ በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 ነው። 175 ከግቡ በላይ ነው፤ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። በአንድ ጠዋት ቁጥርም አይፈረድም። ጣትዎን በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው ይለኩ፤ ማር የነካ ጣት መሣሪያውን ያሳስተዋል። ቁጥሩን ከነሰዓቱ በደብተር ይጻፉና ለሚከታተልዎት ሐኪም ያሳዩ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የኤዋንሲ ምርመራም ይጠይቁት። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ከቀጠለ መድኃኒቱ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል፤ ያ የእሱ ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። ጠዋት ከፍ ማለቱ ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ብሎ አድሯል ማለት አይደለም። እኩለ ሌሊት ላይ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ኢንሱሊን መጨመር አደጋ ነው። በላብ ተነክራ ትነቃለች? ትቃዣለች? ጠዋት ራስ ምታት አላት? ሁለት ሦስት ሌሊት ቀስቅሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይለኩላት። ከ70 በታች ከሆነ በሦስት ወይም በአራት የሻይ ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠ ውሃ ያጠጧት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ያን ዕለት ጠዋት ወደ ሐኪሟ ይውሰዷት፤ የሚቀጥለውን የማታ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ሐኪሙ መጠኑን ይየው። ሌሊት ራሷን ስታ ካገኟት ግን በአፏ ምንም አይስጧት፤ በጎኗ አስተኝተው ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ያድርሷት።