ያቺ «ግማሽ» ከየት መጣች?

ሐይቅ ከተማ የምትማር የእህቴ የልጅ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ «አባባ፣ በተለጠጠ ሞላ እምቅ አቅም ቀመር ላይ ያቺ ግማሽ ከየት መጣች?» አለችኝ። ቀመሩ ½kx² ነው፤ k የሞላው ጥንካሬ፣ x የተለጠጠበት ወይም የታመቀበት ርቀት፣ ውጤቱም ሞላው ያመቀው አቅም ነው። እኔም በልጅነቴ ደሴ ውስጥ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መምህሩ «ለፈተና የሚያስፈልግህ ቀመሩ ነው፤ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ፊዚክስ የመማር ምኞቴም አብሮኝ ተቀመጠ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

መልሱን ያገኘሁት ኮምቦልቻ፣ ጋራዥ ውስጥ ተለማማጅ ሆኜ ነው። ያኔ የአሰብ መንገድ ደርቶ ነበር፤ ባሌስትራቸው የተሰበረ ከባድ መኪኖች ደጃችን ይሰለፉ ነበር። ሰኞ ሰኞ አለቃችን የለም፤ ባቲ ገበያ ወርዶ ፍየል ሲያማርጥ ይውላል። ሥጋውን ግን እኛ አልቀመስንም።

አንድ ቀን የፔዦ 504 የፊት ሞላ እንዳወጣ ታዘዝኩ። ሞላው የሚወጣው በመጭመቂያ ቡሎን ከታመቀ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በሁለት ጣት አዞርኳቸው። ከዚያ ቁልፉ እየከበደ፣ እየከበደ ሄደና በመጨረሻ እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክቼ በደረቴ ተጫንኩት። አለቃዬ ከኋላ መጥቶ በትከሻዬ ይዞ ወደ ጎን ሳበኝ። «ፊት ለፊቱ አትቁም። የለፋህበትን ሁሉ ይዞታል፤ ካመለጠህ ባንዴ ነው የሚመልስልህ» አለኝ። ሰውየው ፊደል አልቆጠረም።

ግማሿ እዚያ ቡሎን ላይ ነበረች። ሞላው የሚጠይቀው ጉልበት ከዜሮ ተነስቶ ከመታመቁ ጋር እኩል ያድጋል፤ ይህን ሮበርት ሁክ በ1678 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳትሞታል። ስለዚህ በጠቅላላው መንገድ የወጣው አማካይ ጉልበት የመጨረሻው ግማሽ ነው። የመጨረሻው kx ነው፤ አማካዩን፣ ማለትም ½kx፣ በርቀቱ በx አባዙት፣ ቀመሩ ይወጣል። ለአንድ ሜትር 200 ኒውተን (የጉልበት መለኪያ ነው) የሚጠይቅ ሞላ 10 ሳንቲሜትር ሲሳብ 1 ጁል (የአቅም መለኪያ) ይይዛል፤ 20 ሳንቲሜትር ሲሳብ ግን 4 ጁል። ያ 4 ጁል ሳይባክን ለ20 ግራም ጠጠር ቢተላለፍ፣ ጠጠሩ በሰከንድ 20 ሜትር ይፈተለካል።

የዛሬ ልጆች መልሱን ከስልክ ታነባላችሁ፤ ቁልፍ የጨበጠ እጅ ግን ጥቂት ነው። ደግሞ ልክ አይደለሁም መሰለኝ፤ ያቺ ልጅ ስልክ እያላት ነው ወደ እኔ የደወለችው። ቀመር አትሸምድዱ እላለሁ፤ ፈተና ስላለባችሁ ግን ሸምድዱት።

ይህን በእጃችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ በሞላ ጀምሩ፤ ላስቲክ የሁክን ሕግ በቅጡ አይጠብቅም፣ ከተቀበለውም ጥቂቱን በሙቀት ያባክናል። ሰፋ ያለ ላስቲክ ፈጥናችሁ ለጥጡና ወዲያው ከንፈራችሁ ላይ አስነኩት፤ ሞቅ ይላል። እንደተለጠጠ ትንሽ አቆዩትና ልቀቁት፤ አሁን ይቀዘቅዛል። ይህን ደግሞ ለምን እንደሆነ መምህራችሁን ጠይቁ።