ካሜራ ፊት «አዎ፣ እኔ ነኝ» ማለት

ጥያቄ፦ በቴሌቪዥን የወንጀል ፕሮግራሞች ላይ ተጠርጣሪው ፊቱ እየታየ ድርጊቱን ሲያምን እናያለን። ይህ ፍርድ ቤት ይቆጠርበታል? ቤተሰብስ ምን ማድረግ ይችላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሕጉ የሚያውቀው የእምነት ቃል ሌላ ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 መሠረት፣ ፖሊስ ቃል ሲቀበል ተጠርጣሪው መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት ይነግረዋል። በአንቀጽ 35 ደግሞ ቃሉን የሚመዘግበው ፍርድ ቤት ነው፤ በፈቃዱ የሰጠው መሆኑም ይጣራል። ተገድዶ የሰጠው ቃል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ጠበቃው አስቀድሞ ማጣራት ያለበት ቀረጻው መቼ እንደተደረገ ነው፤ ፍርድ ቤት ከመቅረቡና ጠበቃ ከማግኘቱ በፊት ከሆነ ተቃውሞው ይጠነክራል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ጉዳት በምስክሮች በኩል ይመጣል። የዓይን ምስክሩ የተጠርጣሪውን ፊት በቴሌቪዥን ካየ በኋላ ከሌሎች ጋር አሰልፈው እንዲለየው ቢያደርጉት፣ ያስታወሰው ከወንጀሉ ቦታ ይሁን ከስክሪኑ ማን ያውቃል? እዚህ ላይ የሚጎዳው ዐቃቤ ሕጉም ጭምር ነው።

ቤተሰብ የጣቢያውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግብ፤ ቪዲዮው ከዩቲዩብ ሳይነሳ ቅጂውን ያስቀምጥ። ጠበቃው በቀጣዩ ቀጠሮ ለችሎቱ በጽሑፍ ያመልክት። ቅሬታውን ለጣቢያውና ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ማቅረብም ይቻላል። ፌስቡክ ላይ የምስክር ስም እየጠሩ መልስ መስጠት ግን ለተያዘው ሰው ሌላ ጣጣ ነው።