በጉርድ ፎቶ ፊት መሳቅ ነውር ነው?

ጥያቄ፦ ባለፈው ቅዳሜ የአሥራ ሦስት ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ መስቀል አደባባይ ጥግ ወደሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገብቼ ነበር። ግድግዳውን በሞሉት የሟቾች ፎቶግራፎች ፊት ስንቆም ልጅቱ የአንዱን ወጣት አፍሮና እስከ ትከሻው የተዘረጋ የሸሚዝ ኮሌታ አይታ ሳቀች። ተቆጣኋት፤ ቀሪውን ክፍል ሁሉ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ጨረሰች። ወጥተን ማኪያቶ ስንጠጣ ግን «ለምንድን ነው ሁሉም ሳይስቁ እኛን የሚያዩት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አጣሁ። እኔ ራሴም፣ ለመናገር አፍራለሁ እንጂ፣ አብዛኞቹን ፊቶች አለፍኋቸው እንጂ አላየኋቸውም። መቆጣቴ ትክክል ነበር? ደግሞም በ1970 የሞተው የአጎቴ ጉርድ ፎቶ ቤታችን ውስጥ ከክፈፉ መስተዋት ጋር ተጣብቋል። ነቅዬ ላሳድሰው አስቤያለሁና ምክርዎን እሻለሁ። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ የተቆጡት ለሙታን ክብር አስበው ስለሆነ የሚያስወቅስዎ ነገር የለም። ሆኖም በዚያች ቅጽበት ልጅቱ ከእርስዎ ይልቅ ለፎቶግራፉ ቀርባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ያ ወጣት ፎቶ ቤት የሄደው ለሙዚየም ግድግዳ ብሎ አይደለም። ለትምህርት ቤት ወይም ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ አለዚያም ለወዳጅ ሊሰጥ የተነሣው ጉርድ ፎቶ ሳይሆን አይቀርም። ከቤት ሳይወጣ ሸሚዙን መርጧል፤ ፎቶ ቤቱ መስተዋት ፊት ቆሞ አፍሮውን በሚዶ ከፍ ከፍ አድርጓል፤ ኮሌታውን በጃኬቱ ላይ ዘርግቷል። የዘመኑ ወጣት የሚያምርበት እንዲህ ነበርና። ልጅቱ ያየችው እርሱ እንዲታይለት የፈለገውን ነው፤ እርስዎ ያዩት ደግሞ እርሱ ያላወቀውን፣ በኋላ የመጣበትን ሞት ነው። ሁለቱንም ማየት ይገባል፤ የእርሷን አስቀድሞ የእርስዎን ማስከተል ግን ከሰውየው ሕይወት ቅደም ተከተል ጋር ይስማማል።

በሚያዝያ 1969 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት የሰበሩት በዚያው አደባባይ ነው፤ ያን ጊዜ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። ሙዚየሙ ደግሞ በ2002 ተከፈተ። በመካከሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ አለ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ፎቶዎች በየቤቱ በሣጥን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች መካከል፣ በእናቶች መቀነት ሳይቀር ተቀምጠው ኖረዋል። ጣት የማትሞላ ጉርድ ፎቶ ለግድግዳ ስትጐላ ፊቱ የሚደበዝዘውና ነጠብጣብ የሚበዛበት በዚህ የተነሣ ነው። በሚቀጥለው ጉብኝት ጠጋ ብለው ይመልከቱ፤ ከመታወቂያ ላይ የተወሰደ ከሆነ የማኅተሙ ቅስት ትከሻው ላይ ቀርቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ፊቱ ደግሞ ያለ አንዳች ጠባሳ ሸክላ መስሎ ከታየዎት የፎቶ አንሺው እጅ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን ባለሙያዎች ኔጌቲቩን በቀጭን እርሳስ እየነኩ የብጉሩን ምልክት ያጠፉ ነበር።

ለልጅቱ ጥያቄ መልሱ ከዚሁ የራቀ አይደለም። የመታወቂያ ፎቶ ፊትን ቀጥ አድርጎ፣ ሁለቱን ጆሮ አሳይቶ፣ ጥርስ ሳያሳዩ የሚነሡት ነው። እነዚያ ሰዎች የሚያዩት እኛን ሳይሆን «ቀና በል፣ እንዳትነቃነቅ» የሚላቸውን ፎቶ አንሺ ነው። እኛ የቆምነው እርሱ ቆሞበት በነበረው ቦታ ነው ቢሏት የሚገባት ይመስለኛል። (አማርኛችንም ለዚህ ይመቻል፤ ሰውየው ፎቶ «ተነሣ» እንላለን፣ አድራጊው ባለ ፊቱ ነው።)

ብዙዎቹን ሳያዩ ማለፍዎ አይግረምዎ። ያን ያህል ፊት በአንድ ጊዜ የሚቀበል ዓይን የለም፤ ግድግዳው የተሠራውም ብዛቱን ለማሳየት ጭምር ነው። እኔ በበኩሌ ሁለት ወይም ሦስት ፊቶች መርጬ እነርሱ ዘንድ እቆያለሁ። ጉብኝቱን ወደ አዲስ አበባ ሙዚየም ማለትም ወደ ቀድሞው የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል መኖሪያ ቢያስቀጥሉት ደግሞ ልዩነቱ ይታይዎታል፤ ሩቅም አይደለም፣ እዚያው አደባባዩ አጠገብ ነው። መኳንንቱና ባለሥልጣኑ ካባና ኒሻን ደርበው ሲነሡ ምስላቸው ለትውልድ እንዲተርፍ አስበው ነው። እንደ ቦያጂያን ቤተሰብ ያሉ አርመናውያን ፎቶ አንሺዎች ለቤተ መንግሥት የሠሩትም ይህንኑ ነበር። ባለ አፍሮው ግን ለወግ የተነሣት ፎቶ ናት ለታሪክ የተረፈችው። ስለዚህ በኮሌታው መሳቅ በእርሱ መሳቅ አይመስለኝም።

የአጎትዎን ፎቶ በተመለከተ፣ እባክዎ አይንቀሉት። በእርጥበት ምክንያት ከመስተዋት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ሲነቀል ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን መስተዋቱ ላይ ይቀራል፤ የሚቀረውም ፊቱ ሊሆን ይችላል። በውኃ ወይም በእንፋሎት ለማላቀቅ የሚሞክር ፎቶ ቤት ቢያገኙም አይፍቀዱለት። ከነመስተዋቱ፣ ብርሃን ከጎን እንጂ ከፊት ሳይመታው፣ ነጸብራቅ እንዳይገባ ከበስተኋላዎ ጥቁር ጨርቅ ዘርግተው በጥሩ ካሜራ ያንሡትና ቅጂውን ያሳትሙ። ከቅጂው ጀርባ ስሙን፣ ፎቶውን የተነሣበትን ዓመትና ቦታ በለስላሳ እርሳስ ይጻፉ፤ ስክሪፕቶ ወረቀቱን ተጭኖ ወደ ፊት ያሳብጣል፣ ቀለሙም ይዘልቃል። ዓመቱን የማያውቁት ከሆነ በዕድሜ የገፉትን ዘመዶችዎን አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ሸሚዙ የማን እንደነበረም አብረው ይጠይቁልኝ፣ ብዙ ጊዜ የተዋሱት ነበርና።