ክፋት የሌለበት ቂልነት፦ ስለ 1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የወጣቶች ኮሜዲ ጥያቄና መልስ

ከ1980ዎቹ ማብቂያ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የተሠሩትን የወጣቶች ኮሜዲ ፊልሞች ለብዙ ዘመን በፍቅር ስከታተል ቆይቻለሁ። ስለ እነርሱ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሚበዙትን ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የእነዚህ ፊልሞች ታሪክ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ገጸ ባሕርያቱም ቂላቂሎች ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላም ሰው የሚወዳቸው በምን ምክንያት ነው?

መልስ፦ ዋናው ምክንያት የገጸ ባሕርያቱ ቂልነት ክፋት የሌለበት መሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ። መንገዱን የጠረገውን የ1989ን «ቢል ኤንድ ቴድስ ኤክሰለንት አድቬንቸር» እንመልከት። በካሊፎርኒያ ሳን ዲማስ የሚኖሩት ሁለቱ ጓደኛሞች በታሪክ ትምህርት ሊወድቁ ተቃርበዋል፤ ከወደቁ ደግሞ የቴድ አባት ልጁን አላስካ ወደሚገኝ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ስለሚልከው፣ መሣሪያ በቅጡ መጫወት ሳይችሉ የመሠረቱት የሙዚቃ ባንድ መበተኑ ነው። ከመጪው ዘመን የመጣ ሰው የስልክ መደወያ ክፍል የሚመስል የጊዜ መጓጓዣ ይሰጣቸውና ሶቅራጥስን፣ ቤትሆቨንን፣ ጄንጊስ ካንን፣ አብርሃም ሊንከንን እና ሌሎችንም ከየዘመናቸው እየሰበሰቡ ወደ ከተማቸው ያመጣሉ። ቤትሆቨን በገበያ ማዕከል ውስጥ የኤሌክትሪክ ኪቦርዶችን አግኝቶ ሲመሰጥ፣ ጄንጊስ ካን የስፖርት ዕቃ መደብሩን ሲያተራምስ እንስቃለን፤ ነገር ግን ፊልሙ ልጆቹን ስለ አላዋቂነታቸው አያዋርዳቸውም፣ እነርሱም ያገኙትን ሰው ሁሉ በደስታ ይቀበላሉ። ችግራቸውን የሚፈታላቸውም ይኸው ሰውን ሳይመርጡ የመቅረብ ጠባያቸው ነው።

ቂልነቱ ብልሃት የጎደለው አይምሰልዎ። ልጆቹ የቴድን አባት ቁልፍ በፈለጉ ጊዜ «ነገሩ ሲያልፍ ወደ ኋላ ተመልሰን ቁልፉን ሰርቀን እዚህ እናስቀምጠዋለን» ብለው ይስማማሉ፤ ቁልፉም በተባለው ቦታ ወዲያው ይገኛል። ብዙ የረቀቁ የጊዜ ጉዞ ታሪኮች ያልደፈሩትን አመክንዮ ሁለት ሰነፍ ተማሪዎች ያለ ጭንቀት እስከ መጨረሻው ይሄዱበታል። እኔ ፊልሙን ባየሁ ቁጥር ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ትዕይንት ነው።

ጥያቄ፦ ከ1980ዎቹ የወጣቶች ፊልሞች በምን ይለያሉ?

መልስ፦ በ1980ዎቹ የዘርፉ ትልቅ ስም ጆን ሂዩዝ ነበር። እንደ 1985ቱ «ዘ ብሬክፋስት ክለብ» ያሉ ፊልሞቹ ቢያስቁም እንኳ ስለ ቁስል ይናገራሉ፤ የሀብታምና የድሃ ልዩነት፣ ወላጅ ያልተረዳው ልጅ፣ በትምህርት ቤት ውስጥ መገለል ይነሣባቸዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ኮሜዲዎች ግን ያንን ሸክም በአብዛኛው አራግፈው ጓደኝነትን ብቻ መሠረት አደረጉ። ይህም ድክመት ብቻ አይደለም፤ ሁለት ወጣቶች ያለ ምንም ጥቅም ሲዋደዱና አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሁሉ ድንቅ ነው ብሎ ሲቀበል ማየት ራሱን የቻለ ደስታ አለው።

ጥያቄ፦ «ዌይንስ ወርልድ» በቴሌቪዥን የቀረበ አጭር ቀልድን አስረዝሞ የሠራ ፊልም ነው ይባላል። ይህን ያህል መወደሱ ተገቢ ነውን?

መልስ፦ መነሻው በእርግጥም በ«ሳተርደይ ናይት ላይቭ» ይቀርብ የነበረ አጭር ጭውውት ነው፤ ሆኖም በየካቲት 1992 የወጣው ፊልም ከዚያ እጅግ የሰፋ ነው። ዳይሬክተሯ ፔነሎፒ ስፊሪስ ከዚያ በፊት ስለ ሎስ አንጀለስ የፓንክና የሄቪ ሜታል ሙዚቀኞች ዘጋቢ ፊልሞች የሠራች በመሆኗ፣ በኢሊኖይ ግዛት ኦሮራ ከተማ በቤቱ ምድር ቤት የቴሌቪዥን ፕሮግራም የሚያዘጋጀውን ዌይንን እና ጓደኛውን ጋርዝን ከሩቅ ሆና አልተመለከተቻቸውም፤ ዓለማቸውን ታውቀዋለች።

በትንሿ መኪና ውስጥ ታጭቀው የክዊንን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» እየዘፈኑ ራሳቸውን የሚወዘውዙበትን ትዕይንት ያላየ ጥቂት ነው። ዌይንን የሚጫወተው ማይክ ማየርስ ሌላ ዘፈን ይሁን ሲባል አሻፈረኝ ብሎ በዚያው ጸንቷል። የቡድኑ ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪ በኅዳር 1991 ካረፈ ገና ሦስት ወር ነበር፤ በ1975 የወጣው ዘፈንም በፊልሙ ምክንያት እንደገና ተነሥቶ በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ትዕይንቱ የሚይዘን ልጆቹ ዘፈኑን በፍጹም ልባቸው ስለሚዘፍኑት ነው፤ በዘፈኑ ላይ ቢያፌዙ ኖሮ ዛሬ ማንም ባላስታወሰው ነበር። በተረፈ ዌይን ለማስታወቂያ ሰጪዎች እንደማይንበረከክ እየማለ የታወቁ ኩባንያዎችን ምርት አንድ በአንድ ለካሜራው የሚያሳይበትን ቦታ እንዳያመልጥዎ፤ ስለ ፊልም ንግድ ረጅም ጽሑፍ የሚያስረዳውን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ የጠቀሷቸው ሁሉ ስለ ነጭ ወጣቶች ናቸው። ጥቁር ወጣቶች በዚህ ዘርፍ ቦታ አልነበራቸውምን?

መልስ፦ ነበራቸው፤ በእኔ ግምት የዘመኑ ምርጥ ሥራም የእነርሱ ነው። ሬጂናልድ ሃድሊን በሃርቫርድ ተማሪ ሳለ የሠራውን አጭር ፊልም አስፍቶ በ1990 «ሀውስ ፓርቲ»ን አቀረበ። በ2.5 ሚሊዮን ዶላር በጀት ተሠርቶ 26 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያስገባ ሲሆን፣ በሰንዳንስ ፌስቲቫልም ተሸልሟል። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ኪድ የሚባለው ልጅ በትምህርት ቤት በመጣላቱ አባቱ ከቤት እንዳይወጣ ይከለክለዋል፣ እርሱ ግን አባቱ እንቅልፍ ሲወስደው ሾልኮ ወደ ጓደኛው ድግስ ይሄዳል። ኪድንና ድግሱን ያዘጋጀውን ጓደኛውን የሚጫወቱት፣ ኪድና ፕሌይ የተባሉት የራፕ ሙዚቀኞች ከሁለት ሴት ልጆች ጋር በጭፈራ የሚፎካከሩበት ትዕይንት የዚያን ዘመን የጭፈራ ስልት እንደ ሰነድ አቆይቶልናል።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን አባትየው ነው። ኮሜዲያኑ ሮቢን ሃሪስ ሚስቱ የሞተችበትን፣ ደክሞት የሚገባውን፣ ልጁን በቁጣም በፍቅርም የሚያሳድገውን ሰው ሲጫወት አንዲትም ሐሰተኛ ድምፅ የለችበትም። ሃሪስ ፊልሙ ሲኒማ ቤት በገባ በሁለተኛው ሳምንት በ36 ዓመቱ ማረፉ ትልቅ ሐዘን ነበር።

ጥያቄ፦ ሴት ልጆች መሪ ሆነው የሚታዩበትስ አለን?

መልስ፦ የ1991ን «ዶንት ቴል ማም ዘ ቤቢሲተርስ ዴድ» ይመልከቱ። እናታቸው አውስትራሊያ ሄዳ ሳለ ጠባቂያቸው የሞተችባቸው ልጆች ታላቅ እኅት (ተዋናይቷ ክርስቲና አፕልጌት ናት) የሥራ ልምዷን ፈጥራ ጽፋ በአንድ የፋሽን ድርጅት ትቀጠራለች። ዳይሬክተሩ የመጀመሪያውን የቢልና ቴድ ፊልም የሠራው ስቲቨን ሄሬክ ነው። መሪዋ ሴት የሆነችበት ሌላው የዘመኑ ፊልም የ1992ቱ «ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» ነው፤ እርሱ ግን ከወለደው ተከታታይ ድራማ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በሜሪላንድ የምኖር እናት ነኝ። ከ13 ዓመት ልጄ ጋር ላያቸው አስቤ ነበር፤ የሚያሳስብ ነገር ይኖራቸው ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ በአሜሪካ የዕድሜ ምደባ የ1989ና የ1991 የቢልና ቴድ ፊልሞች ፒጂ (ወላጅ እየመከረ የሚታይ)፣ «ዌይንስ ወርልድ» ፒጂ 13 (ከ13 ዓመት በታች ላሉት ጥንቃቄ የሚያሻው)፣ «ሀውስ ፓርቲ» ደግሞ በንግግሩ ምክንያት አር (ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ የማያየው) ተብለዋልና የመጨረሻውን አስቀድመው ለብቻዎ ቢያዩት ይሻላል። ስለ ሴቶች የሚነገሩት አንዳንድ ቀልዶችም ሻካራ ናቸው። በመጀመሪያው የቢልና ቴድ ፊልም ሁለቱ ጓደኛሞች ከተቃቀፉ በኋላ ግብረ ሰዶማውያንን የሚያንቋሽሽ ስድብ ይሰነዝራሉ፤ በጊዜው እንደ ቀልድ አልፏል፣ ዛሬ ግን ፊልሙን አቁሞ ከልጅ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ፊልሞቹን የምወድ ብሆንም ይህን ነውር አልሸፍነውም።

ጥያቄ፦ ተዋናዩ ብሬንዳን ፍሬዘር የጀመረው በዚህ ዘርፍ ነው የሚባለው እውነት ነውን?

መልስ፦ ስሙን ያስተዋወቀው የ1992ቱ «ኢንሲኖ ማን» ነው። ሁለት ተማሪዎች የመዋኛ ገንዳ ሲቆፍሩ በበረዶ የታሰረ የዋሻ ዘመን ሰው ያገኛሉ፤ ፍሬዘርም ያንን ሰው ያለ ንግግር ከሞላ ጎደል በዓይኑና በአካሉ ብቻ ይጫወተዋል። በዚያው ፊልም አነስተኛ ሚና የነበረው ኪ ሁይ ኳን እና ፍሬዘር በ2023 በአንድ ምሽት ኦስካር ተሸልመዋል።

ጥያቄ፦ አንድም ያላየ ሰው ከየት ይጀምር?

መልስ፦ ከመጀመሪያው የቢልና ቴድ ፊልም ይጀምርና ወዲያው ሁለተኛውን፣ የ1991ን «ቦገስ ጆርኒ» ያስከትል። በስዊድናዊው ዳይሬክተር ኢንግማር በርግማን የ1957 ፊልም «ዘ ሰቨንዝ ሲል» ውስጥ አንድ ፈረሰኛ ለሕይወቱ በሰው አምሳል ከሚታየው ከሞት ጋር ቼዝ ይጫወታል፤ በዚህ ደግሞ ቢልና ቴድ ከሞት ጋር የልጆች የቤት ውስጥ ጨዋታ ይጫወታሉ። ሞት ሲሸነፍ «ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ይሁን» እያለ ውድድሩን ማራዘም ይጀምራል፤ በመጨረሻም ተሸንፎ አብሯቸው ይጓዛል፣ የባንዳቸውም አባል ይሆናል። ዊልያም ሳድለር ይህን ሚና ፊቱን ነጭ ተቀብቶ እጅግ በተከበረ አነጋገር ስለሚጫወተው፣ የበርግማንን ፊልም አስቀድሞ ያየ ተመልካች ሳቁ እጥፍ ይሆንለታል።